በር ላይ የመለስኳት እናት

ቅዱሳን፣ የጌታ ሰላም ይብዛላችሁ። ዛሬ የቆምኩት ስለ ፈውስ ልመሰክር አይደለም፤ ስለ አንዲት እናት ነው።

እኔ ነርስ ነኝ፤ ያደግኩት እዚሁ ሴቻ ሰፈር ነው። ኮሮና በገባ ጊዜ አዲስ አበባ፣ በካንሰር የጨረር ሕክምና ክፍል እሠራ ነበር። ጨረር የሚወስድ ሰው አቅሙ የደከመ ነው፤ ቫይረሱ አንዴ ከገባ ብዙዎችን ይጨርሳል። ስለዚህ በር ላይ ሙቀት እለካለሁ፣ አስታማሚ አላስገባም፣ በሽተኛ በወጣ ቁጥር የማሽኑን አልጋ በአልኮል እወለውላለሁ። ስሜ ክርስቲያን ነበር እንጂ ጸሎት ከተውኩ ቆይቼ ነበር። ጌታ ግን ታገሠኝ፤ ስሙ ይባረክ!

አንድ ጠዋት እማማ አስቴር የሚባሉ ከጋሞ አገር፣ ከኦቾሎ የመጡ እናት ብቻቸውን መጡ። ሽሮ ሜዳ ዘመድ ቤት አርፈው የማሕፀን በር ካንሰር ይታከማሉ፤ ጨረሩን አጋምሰዋል። ስለካቸው ትኩሳት አላቸው። "እማማ፣ ዛሬ አይገቡም። የኮሮና ምርመራው ውጤት እስኪመጣ ይጠብቁ" አልኳቸው በአማርኛ። አማርኛ አይሰሙም። "ልጄ፣ ምን አጠፋሁ? አታባርሪኝ" ብለው በጋሞኛ ለመኑኝ። ወገኖቼ፣ እያንዳንዷን ቃል ሰምቻለሁ! የእናቴ ቋንቋ ነው! ግን የአገራቸው ልጅ መሆኔን ካወቁ እጄን ይይዙና ኮሮናው ይተላለፍብኛል ብዬ ፈራሁ። "ወደዚያ! አይጠጉኝ!" ብዬ በእጄ ወደ ውጭ አሳየኋቸው።

ሌላ ነርስ ናሙና ከወሰደችላቸው በኋላ እማማ ሄዱ። ውጤቱ ከቀናት በኋላ መጣ፤ ኮሮና የለባቸውም። የተመዘገበው የዘመድ ስልክ ዝግ ነበር። ሁለት ቀን ሞክሬ ተውኩት። ለካ ተባረርኩ ብለው አገራቸው ገብተዋል። ከወራት በኋላ ባለቤታቸው ደግፈው ሲያመጧቸው ሐኪሙ፣ "ጨረሩ መሀል ላይ በመቋረጡ ዕጢው ተስፋፍቷል። አሁን ሕመሙን ከማስታገስ በቀር የምናደርገው የለም" አለ። ብዙም ሳይቆዩ አረፉ።

አለቆቼ "ሕጉን ነው የፈጸምሽው" አሉኝ። እውነት ነው። ግን አንዲት ቃል በቋንቋቸው ብናገር ኖሮ ይጠብቁ ነበር። ሥራዬን ትቼ እናቴ ቤት ገባሁ። ሞት ተመኘሁ፤ አልዋሻችሁም።

በመጨረሻ ኦቾሎ ወጣሁ። ባለቤታቸው ጋሽ ቶማ ሸማ እየሠሩ ነበር። እግራቸው ሥር ወድቄ ሁሉንም ነገርኳቸው። የሽመና መወርወሪያውን አስቀመጡ።

"አስቴር ታውቅ ነበር" አሉኝ። "'ልጅቷ የለመንኳትን ሰምታለች፤ ፈርታ ነው እንጂ ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር' ብላኛለች። ስምሽን ስለማታውቅ 'ያቺ በር ላይ ያለችው ልጅ' እያለች እስክትሞት ጸልያልሻለች። እኔ ግን መጸለይ አቅቶኛል። ይቅር ልልሽም ገና ነኝ። ለማንኛውም ከመሬት ተነሺ፣ ቁጭ በይ።"

ወገኖቼ፣ እኔ ያባረርኳት እናት ስለ እኔ እየጸለየች ሞተች! ጌታዬን የጠራሁት እዚያው ቤት፣ እያለቀስኩ ነው።

ዛሬ ደስታ ሞልቶኛል አልልም። "ለምን እሳቸው?" ብዬ ጌታን እጠይቀዋለሁ፤ አልመለሰልኝም። ግን አልጣለኝም፤ ሃሌ ሉያ! እያለቀስኩም አመሰግነዋለሁ። ጋሽ ቶማ ዛሬም መጸለይ አልቻሉም፤ ቅዱሳን፣ በጸሎት አስቧቸው። እዚህ መካከል በሠራው ሥራ አፍሮ ጌታን ቀና ብሎ ማየት ያቃተው ሰው ካለ፣ ነገ ተሽሎኝ እመጣለሁ አይበል። እንደተሰበረ ይምጣ። ብቻችሁን መምጣት ፈርታችሁ ከሆነ እኔ አብሬያችሁ እንበረከካለሁ።