አፏን የፈታችው ዘበኛ

የሥራ ባልደረባዬ አሳንሰር ጠጋኝ ነው። አሥራ አንድ ዓመት አብረን ስንሠራ አንዲት ብሎን ሲዘል አላየሁትም። ብልሽቱ አራተኛ ፎቅ ላይ መሆኑ እየታወቀ ከምድር ቤት ይጀምራል። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይለኛል። እኔ ደግሞ እንቁላሉ እስኪደርስ ሰዉ በደረጃ ወጥቶ አለቀ እለዋለሁ። ግትር ነው፤ ግን እወደዋለሁ።

የሚኖረው ከታላቅ እህቱ ጋር ነው። ከልጅነታቸው ጀምሮ «ሰባቱ ድልድዮች» የሚባል የቪዲዮ ጌም ነበራቸው። አምስቱንም ክፍል ተጫውተውታል፤ ጎልምሰው እንኳ ቅዳሜ ከሰዓት አይቀሩም ነበር። የጌሙ ጀግና አንዲት የድልድይ ዘበኛ ናት፤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ትንፍሽ አትልም። ስለዚህ እሱ ቁልፎቹን ሲጫን እህቱ ትናገርላት ነበር፤ የመጣውን ሽፍታ ሁሉ በነገር ትወጋለታለች። ከሦስት ዓመት በፊት ስኳር በሽታ ዓይኗን አጠፋው። ከዚያ ወዲህ የጌሙን ስም አንስታ አታውቅም። እሱም ብቻውን መጫወት ክህደት መሰለውና ተወው።

ታዲያ ጌሙ ልብ ወለድ ሆኖ መታተሙን ሲሰማ በደስታ የሚይዘውን አጣ። «አነብላታለሁ፤ በጆሮዋ ትጫወታለች» አለኝ። መጽሐፉን የገዛ ዕለት አለቃችንን አስፈቅዶ ከሥራ በጊዜ ወጣ።

እንደ ልማዱ ከሽፋኑ ጀመረ፤ የአሳታሚውን ስልክ ቁጥር ሳይቀር አነበበላት። ከዚያ ዘበኛዋ አፏን ፈታች። መፍታት ብቻ ቢሆን ደግ ነበር! ጠላት ሰይፍ መዝዞ ቆሞ እየጠበቃት፣ እሷ ስለ ግዴታና ስለ ክብር ሁለት ገጽ ትሰብካለች። ድልድዩ ሲቃጠል የልጅነት ታሪኳን ትተርካለች። እኔም በኋላ ተውሼ ሞክሬው ነበር፤ ሃያኛው ገጽ ላይ እንቅልፍ ጣለኝ። ደራሲው ጌሙን በሩቁም ያየው አይመስለኝም።

እህቱ እስከ ሦስተኛው ምዕራፍ ታገሠች። ከዚያ «ይቺ ደግሞ ማን ናት?» ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ሲነግረኝ እንዲህ አለኝ፦ «የቀራትን አንድ ነገር በገዛ እጄ ያበላሸሁባት መሰለኝ።»

በማግስቱ ያ ብሎን የማይዘል ሰው ገጽ ዘለለ። ስብከቱን ትቶ ከራሱ ይጨምርበት ጀመር። ስድስተኛው ድልድይ ላይ ሽፍቶች ዘበኛዋን ሲከቧት፣ ዓይኑን መጽሐፉ ላይ ተክሎ እንዲህ አነበበ፦

«ጫማዬን አሁን ነው የወለወልኩት፤ ጭቃውን ዙሩና እንጋደል!»

እህቱ ከተጋደመችበት ተነሥታ ተቀመጠች።

«እስቲ ድገመው።»

ደገመው።

«እሱን እኮ ያኔ ስንጫወት እኔ ነኝ ያልኩት።»

«መጽሐፉ ላይ አለ፣ እትዬ።»

«ስንተኛው ገጽ?»

ውሸት አይሆንለትም፤ ያን ቀን ግን ሞከረ። «መቶ አርባ» አለ።

«ሂድ ወዲያ! ከተቀመጥክ ጀምሮ ሦስት ገጽ እንኳ አልገለጥክም። ዓይኔ ነው እንጂ ጆሮዬ ደህና ነው።»

እጇን ዘርግታ መጽሐፉን ዳብሳ አገኘችው፤ ዘጋችውና ከጎኗ አስቀመጠችው። እሱ ልትቆጣው መስሎት አንገቱን ደፋ።

«ሽፍቶቹ ስንት ናቸው?» አለችው።

«አራት» አለ።

«በል አንተ ቁልፉን ተጫን። መናገሩን ለእኔ ተወው።»