የኦቦ ዲንቃ ተራ

ይሄን ነገር ለማንም ተንፍሼ አላውቅም። ለእናቴ አልነገርኩም፣ አብሮኝ ለሚበላ ጓደኛዬ አልነገርኩም። ንስሐ አባቴ ጋ እንኳን ሄጄ ሌላ ሌላውን ዘባርቄ፣ እሳቸውንም አስቄ፣ ይሄኛውን ዋጥ አድርጌ ነው የተመለስኩት። እኔ ደግሞ ወሬ የማልቋጥር ሰው ነኝ፤ አምቦ መናኸሪያ አካባቢ የሚያውቀኝ ሁሉ ይመሰክራል። ታዲያ ይሄ ብቻ እንዴት ሆዴ ውስጥ ቀረ? ለእናንተ የምነግራችሁ ስለማታውቁኝ ነው መሰለኝ። ፊቴን አታዩም፣ እኔም የእናንተን አላይም።

በመጀመሪያ ማን እንደሆንኩ ልንገራችሁ፤ ጥፋቱ የሚጀምረው ከዛ ነው። ስምንተኛ ክፍል ላይ ትምህርትን ፈታኋት፣ ወይም እሷ ፈታችኝ። ሞባይል እጠግናለሁ፣ ኮምፒውተር ፎርማት አደርጋለሁ። እጄ ጎበዝ ነው፣ እሱን ጠላቴም አይክደውም። «ኢንጂነር በሉኝ» እላለሁ፣ ሰዉም እየሳቀ ኢንጂነር ይለኛል። ከሱቄ ጀርባ ሌሚ የሚባል የዩኒቨርስቲ ተማሪ ተከራይቶ ይኖር ነበር። ሲ የሚባለውን የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ ያስተማረኝ እሱ ነው። አስተማረኝ ስል እሱ ይጽፋል፣ እኔ እገለብጣለሁ፣ ከዛ እዚህም እዛም ነካክቼ የኔ ነው እላለሁ። ግማሹ ግን ገብቶኝ ነበር። ያ ግማሽ ነው ጉድ የሰራኝ።

አንድ ዓመት ክረምቱ ሲወጣ፣ እኔ ኮምፒውተር የምጠግንለት ክሊኒክ የዓይን ሐኪሞች ከአዲስ አበባ ሊመጡ ነው ተባለ። የዓይን ሞራ ግርዶሽ በነጻ ሊያነሱ። አንድ ቀን ምዝገባ፣ ሁለት ቀን ቀዶ ጥገና፣ የሚሰራለት ሰማንያ ሰው ብቻ። ቀድሞ የመጣ ይቀድማል። ከዛ ውጪ ሌላ ሕግ አልነበረም።

የካርድ ክፍሏ ቻልቱ ከሳምንት በፊት ካርቶን ቆራርጣ ከአንድ እስከ ሦስት መቶ ቁጥር ጽፋ አዘጋጅታ ነበር። ሰው ሲመጣ አንዱን ልትሰጠው፣ በቃ። እኔ ገብቼ አየሁትና ሳቅኩ።

«ቻልቱ፣ ይሄ ምንድነው? መናኸሪያ ዕቃ ልትጠብቂ ነው?»

«አንተ ልጅ፣ ካርቶን አይበላሽ፣ መብራት አይፈልግ። ምን አደረገህ?»

«በዚህ ዘመን? እኔ እያለሁ?»

ከዛ ለኃላፊዋ፣ ለሲስተር አስቴር፣ ፕሮግራም እንደምሰራ ደሰኮርኩላት። ሰው ሲመዘገብ ስሙንና የመጣበትን ሰዓት ራሱ ይይዛል፣ መጨረሻ ላይ በሰዓቱ ቅደም ተከተል ደርድሮ ያወጣል፣ የሰው እጅ የለበትም፣ አድልዎ የለበትም። «ማሽን ዘመድ የለውም ሲስተር!» አልኳት። ወደደችው። ካርቶኑ ቅርጫት ውስጥ ገባ። የቻልቱን ካርቶን ቅርጫት ውስጥ ያስገባሁት እኔ ነኝ።

ፕሮግራሙን ሠራሁት፤ ማለት ሌሚ ሠራው፣ እኔ ነካካሁት። አሠራሩ ቀላል ነው። አንድ ሰው ሲመዘገብ ፕሮግራሙ ማሽኑን «አሁን ስንት ሰዓት ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ማሽኑ ከድሮ ከአንድ ቀን ጀምሮ የተቆጠረ የሰከንድ ብዛት፣ ረጅም ቁጥር፣ ይመልስለታል። ትንሽ ቁጥር ያለው ቀድሞ መጣ ማለት ነው። የኔ ላፕቶፕ የሚሠራው ሊኑክስ በሚባል ሲስተም ነው፣ የክሊኒኩ ኮምፒውተር በዊንዶውስ፤ ለሁለቱም እንዲሆን ለየብቻ አዘጋጀሁት። ሌሚ ለፈተና ወደ ግቢ ሲሄድ በሩ ላይ ቆሞ «ስማ፣ ፕሮግራሙ ማሽኑ የነገረውን ነው የሚያምነው። ሁለቱም ላይ አስኪደውና ሰዓታቸውን አስተያይ» አለኝ። «ሂድ ወደ ፈተናህ፣ እኔን አትፈትነኝ» አልኩት። ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። አላስተያየሁም። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም ነበር፣ አላስተያየሁም።

ምን እንደረሳሁ ልንገራችሁ። ከዓመት በፊት ሲስተር አስቴር «ይሄ ኮምፒውተር ይዋሻል፤ ሁለት ሰዓት ሆኖ ስምንት ይለኛል» ብላኝ ነበር። ኮምፒውተሩ በፈረንጅ ሰዓት ነዋ የሚሄደው። እኔ ምን አደረግኩ? ስድስት ሰዓት ወደኋላ መለስኩት። ከኢንተርኔት እንዳይስተካከልም ዘጋሁት። ግድግዳው ላይ ካለው ሰዓት ጋር ገጠመ፣ ሁሉም ደስ አላቸው፣ ሲስተር ምሳ ጋበዘችኝ። አምቦ ውስጥ እንደዛ ያደረግኩለት ቢሮ ስንት እንደሆነ አትጠይቁኝ።

የምዝገባው ቀን ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ በሩ ጋ ላፕቶፔን ይዤ ተቀመጥኩ። ሰልፉ አስፋልቱ ድረስ ወርዷል። አንደኛ የቆሙት ኦቦ ዲንቃ ናቸው። ከወንጪ በፈረስ፣ ልጃቸው ቦንቱ ልጓም ይዛ፣ ከሁለት ቀን በፊት መጥተው አጥሩ ስር ነው ያደሩት። የሽማግሌው ሁለቱም ዓይን እንደ ወተት ነጭ ነው። «አንደኛ ነኝ አይደል ልጄ?» አሉኝ። «ኦቦ ዲንቃ፣ ከርስዎ የቀደመ ዶሮ ብቻ ነው» አልኳቸው። እስኪያስላቸው ሳቁ። «ገለቶሚ» አሉኝ፣ አመስግነው መረቁኝ። ገደል ሲደርሱ የሚቆመው ፈረሳቸው እንጂ እሳቸው እንዳልሆኑ፣ ዓይናቸው ከበራ ግን ፈረሱን እንደሚያሳርፉት ነገሩኝ። ስማቸውን መዘገብኩ። በላፕቶፔ፣ በፈረንጁ፣ ሰባት ሰዓት ይላል።

ሦስት ሰዓት ላይ ሰው በዛ። ሲስተር ቻልቱን ካርድ ክፍሉ ውስጥ በክሊኒኩ ኮምፒውተር እንድትመዘግብ አስቀመጠቻት። ልክ በዛን ሰዓት ደግሞ የጉደር ሚኒባሶች ገቡና የወረደው ሁሉ እሷ ጋ ተሰለፈ። ቻልቱ የጉደር ልጅ ናት። በእሷ ኮምፒውተር ሦስት ሰዓት፣ ሦስት ሰዓት ነው። እንግዲህ ቁጠሩት፤ የጠዋቱ ሰባት፣ የረፋዱ ሦስት። ለማሽን ሦስት ከሰባት ይቀድማል። ስድስት ሰዓት ላይ ምዝገባ እስኪዘጋ ድረስ እሷ ጋ የተመዘገበ ሁሉ ከኦቦ ዲንቃ ቀደመ።

ከምሳ በኋላ ሁለቱን መዝገብ አንድ ላይ ደርድሬ ሰማንያ ስም አተምኩና ድምፅ ማጉያውን ይዤ ወጣሁ። እየቀለድኩ ነው ያነበብኩት። ሃያ ስም ሳነብ ሰዉ ማጉረምረም ጀመረ። አርባ ላይ አንድ ሰውዬ «ሁሉም የጉደር ሰው ነው!» ብሎ ጮኸ። ሰማንያው አለቀ። በላፕቶፔ ከተመዘገቡት አንድም አልገባም።

ኦቦ ዲንቃ ጆሯቸውን ወደኔ አዙረው ይጠብቃሉ። «ቦንቱ፣ ጠርተውኝ ነው እንዴ ያልሰማሁት?» አሏት።

ሮጬ ካርድ ክፍል ገባሁ። የኮምፒውተሩን ጥግ አየሁ። ግድግዳው ስምንት፣ ኮምፒውተሩም ስምንት። በኔ ላፕቶፕ ሁለት ነው መሆን ያለበት፣ የከሰዓቱ ሁለት። ወዲያው ነው የገባኝ፣ ሙሉውን፤ ያኔ ግማሽ አልነበረም።

እና ምን አደረግኩ? ወጥቼ «እኔ ነኝ የተሳሳትኩት፣ ትንሽ ታገሱኝ» አልኩ? ውጪ ሰዉ ቻልቱን ከቧት ነበር። «ዘመዶችሽን አስገባሽ!» «ስንት በላሽ?» ይሏታል። እሷ «ኦቦ ዲንቃ አንደኛ ነበሩ፣ በዓይኔ አይቻለሁ፣ እኔ ምንም አልነካሁም» ትላለች። ከዛ ሲስተር አስቴር ወደኔ ዞረች። «ኢንጂነር፣ ማሽንህ ይሳሳታል?»

እኔም ሳቅ ብዬ እንዲህ አልኩ፦ «ማሽኑ ያስገቡለትን ነው የሚያወጣው።»

በቃ፣ ይቺ ናት። ይቺን ዓረፍተ ነገር ነው ስንት ዓመት የተሸከምኩት። እኔ ነኝ ያልኩት። ማንም አፌ ውስጥ አላስገባልኝም። ውሸት እንኳን አይደለችም፣ እሱ ነው የሚብሰው። ሰዎቹ የሰሙት «ቻልቱ አስገባች» የሚለውን ነው፣ እኔም እንደዛ እንደሚሰሙት አውቄ ነው ያልኩት።

ቻልቱ በዛው ቀን ከሥራ ታገደች፣ አልተመለሰችም። አሁን ጉደር አነስተኛ ሱቅ አላት። አንድ ቀን ከባጃጅ ስወርድ አየችኝና እየሳቀች መጥታ ጨበጠችኝ። «ያን ቀን ሁሉም ሲሰድበኝ አንተ ብቻ አልሰደብከኝም» አለችኝ። ለስላሳ ገዛችልኝ። ጠጣሁት። ምን ዓይነት ሰው ነው የሚጠጣው?

ኦቦ ዲንቃ ደግሞ ለሚቀጥለው ዙር ይምጡ ተባሉ። የሚቀጥለው ዙር ሲደርስ ቦንቱ ብቻዋን መጣች፤ ለሌላ ጎረቤት ተራ ልትይዝ። የአባቷን ነገር ጠየቅኳት። ፈረሱ ሞቶ ኖሮ፣ አባቷ በእግራቸው ከወንጪ ሐይቅ በላይ ባለው የእግር መንገድ ሲሄዱ ወድቀዋል። ገደል ነው። የነገረችኝ ዕቃ እንደጠፋበት ሰው ቀስ ብላ ነው። «ነፍስ ይማር» አልኳት። ይቺ አፌ ነፍስ ይማርም ትላለች።

እስካሁን የነገርኳችሁ ቀላሉን ነው። አሁን ሌላ አለ።

የምዝገባው ቀን ማምሻውን ሱቄን ዘግቼ ቁጭ አልኩና በቻልቱ ኮምፒውተር የተመዘገቡት ላይ ስድስት ስድስት ሰዓት ጨመርኩ። እንደገና ደረደርኩት። አራት ደቂቃ አልፈጀም። ትክክለኛው ዝርዝር ወጣ። አንደኛ፦ ዲንቃ፣ ወንጪ። አተምኩት። ቀዶ ጥገናው ገና በማግስቱ ነው የሚጀመረው፣ የአንድም ሰው ዓይን አልተነካም ነበር። ገባችሁ? ሁሉም ነገር ይስተካከል ነበር። የቻልቱም ስም፣ የኦቦ ዲንቃም ዓይን።

ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ውስጥ ከተትኩና በነጋታው ጠዋት ክሊኒክ ሄድኩ። ልሰጥ ነበር። እንደዛ ነው ለራሴ የምለው፣ ልሰጥ ነበር። በሩ ጋ ስደርስ ኦቦ ዲንቃ አጥሩ ስር ተቀምጠዋል፤ የቀረ ሰው ካለ በሱ ቦታ እንገባለን ብለው ወደ ወንጪ አልተመለሱም። ቦንቱ ለፈረሱ ሳር ልትፈልግ ሄዳለች። ሲስተር ከውስጥ አይታኝ «ኢንጂነር ና፣ የሆለታ ክሊኒክ ሰዎች ያንተን ፕሮግራም ፈልገዋል!» ብላ ጮኸችልኝ። ኦቦ ዲንቃ ስሜን ሰምተው ቀና አሉ።

«ያ ኢልማ ኮ» አሉኝ፣ ልጄ ማለታቸው ነው። «ያ ቀልደኛው አንተ ነህ አይደል? ለኛ የሚሆን ነገር አለ?»

እጄ ኪሴ ውስጥ ነበር። ወረቀቱን ይዤው ነበር።

«የለም ኦቦ» አልኳቸው።

አልፌያቸው ገባሁ። ለሆለታዎቹ ደሰኮርኩ፣ ሻይ ጠጣሁ፣ ቀለድኩ። ስወጣ በሌላ በር ወጣሁ። እሳቸው ሁለቱንም ቀን እዛው ተቀምጠው ዋሉ፣ የቀረ ሰው አልነበረም።

ልጅ ነበርኩ እንዳልል ልጅ አልነበርኩም። ፈርቼ ነው እንዳልል ማንም አላስፈራራኝም፣ የሚስቁብኝ መስሎኝ ነው እንጂ። ኢንጂነር የምትባል፣ ሰው እየሳቀ የሚጠራኝን ስም ላለማጣት የአንድ ሽማግሌ ዓይን ከለከልኩ። ይቅርታ የምጠይቃቸው ሰውዬ የሉም። ቦንቱ አለች፣ ቻልቱ አለች፤ ይሄን ጽሑፍ ሙሉ ስሜን ጽፌበት ለሁለቱም በእጄ እሰጣለሁ፣ የፈለጉትን ያድርጉኝ። እናንተን ግን አንድ ነገር ብቻ እለምናችኋለሁ። አይዞህ እንዳትሉኝ።