በበረዶ ሸርተቴ ሜዳ የካድኳት የልጅ ልጄ

ስሙኝማ ልጆቼ። ባለፈው ቅዳሜ የሴት ልጄን ልጅ ማህሌትን እዚህ ስዊድን ካለው ሰፈራችን ከሻርሆልመን ብዙም ወደማይርቅ የበረዶ ሸርተቴ ሜዳ ወሰድኳት። እሷ ቁልቁል ስትንሸራተት እኔ በጋቢዬ ላይ ካፖርት ደርቤ አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ ብያለሁ። አንድ ጢማም ያገራችን ሰው ወረቀት ይዞ መጣ።

«እማማ፣ እንደምን ዋሉ? ከልጅ ጋር ነው የመጡት? ዕድሜዋ ስንት ነው? ወላጆቿስ ከየት ናቸው?»

እዚህ አገር አማርኛ የሚናገር ሰው ወረቀት ይዞ ስለ ልጅ ከጠየቀ፣ የሶሻል አስተርጓሚ ነው። ሶሻል የሚሉት የመንግሥት መሥሪያ ቤት ደግሞ ከወላጅ ልጅ ይወስዳል ሲባል ሰምቻለሁ።

«አንተ ምን አገባህ?» አልኩት።

«ለሜዳው ባለቤቶች ነው የምሠራው። የዱሮ ደንበኞቻቸው አረጁ፤ የእነሱ ልጆችም እንደ በፊቱ አይመጡም። አሁን ሜዳውን የሞሉት የእኛ ልጆች ናቸው። ምን እንደምትፈልጉ ጠይቅ ተብዬ ነው።»

እስቲ አሁን ለሸርተቴ ብሎ ማን አማርኛ ተናጋሪ ይቀጥራል? አላመንኩትም።

«እኔ የልጅ ልጅ የለኝም፤ በረዶ ለማየት ነው የመጣሁት» አልኩት ቆፍጠን ብዬ።

«ስዊድን ከመጡ ስንት ዓመትዎ ነው?»

«ሃያ ሦስት።»

ይኼኔ ማህሌት ከሩቅ እጇን እያውለበለበች «ሞርሞር!» ብላ በስዊድንኛ ጠራችኝ፤ አያቴ ማለቷ ነው። እኔ ፊቴን አዙሬ ዛፍ ማየት ጀመርኩ።

ሰውዬው ሳቁን ዋጥ አድርጎ ወረቀቱን ገለጠ። «እማማ፣ ማህሌትን ቅድም ጠይቄያት ጨርሻለሁ። ‹አያቴ አላውቃትም ብትልህ እንዳትደነግጥ፤ ጥርስ ሐኪም ቤትም እንዲሁ ብላለች› ብላኛለች።»