ከመስኮቱ ውጭ የቆመ ሳል

ጅጅጋ ይበርዳል ስል የማያውቃት ሰው ይስቅብኛል። ሶማሌ ክልል ሲባል ለብዙው ሰው የሚታየው ሙቀትና ግመል ነው። እስቲ ጥር ላይ ይምጣና ይሞክራት! ጠዋት ጠዋት ጣት የሚያደነዝዝ ብርድ፣ ረፈድ ሲል ደግሞ ከሜዳው የሚነሳ ነፋስ አቧራውን ተሸክሞ ይመጣል። በዚያ ወቅት የማይስል ሰው አልነበረም። እኔ በጸሐፊነት በምሠራበት ቢሮ ባለጉዳዩም ይስላል፣ ኃላፊውም ይስላል። ሰላምታችን ራሱ «ጉንፋኑ ተሻለሽ?» ሆኖ ነበር።

እናቴ ከጉንፋን ጋር የግል ጠብ ነበራት። የመስኮቱን ስንጥቅ ሁሉ በጨርቅ ትወትፋለች። ላብ በላብ ሆኖ የመጣ ሰው ቀዝቃዛ ውሃ ሲጠጣ ካየች ብርጭቆውን ከእጁ ትቀማዋለች። ማድቤቷ ውስጥ ዝንጅብል፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ፌጦ፣ ሎሚና ማር አይታጣም፤ ጓሮዋ ደግሞ ዳማከሴ አለ። ጉንፋን የያዘው ሰው ኩባያው ለብቻው ነው፤ የሚታጠበውም በፈላ ውሃ ነው። በር ላይ ሳሙናና የውሃ ጆግ አስቀምጣ «ሳትታጠቡ እንዳትገቡ፣ ቤቴ መናኸሪያ አይደለም» ትላለች።

አባቴ ሾፌር ነበር። አስፋልት ባልነበረበት ዘመን፣ በባቢሌ በኩል፣ ከጅጅጋ ሐረር የጭነት መኪና ሲያመላልስ ነው ያረጀው። የዚያን መንገድ አቧራ በልቶ ጨርሶታል። ሳሉም አብሮት ያረጀ ነው። ልጅ ሳለሁ ከመንገድ ሲመለስ የግቢውን በር ከፍቶ፣ እንደ ወጉ፣ ጉሮሮውን ይጠርጋል፤ «እህህ!» ይላል። ወንድ ልጅ የገዛ ቤቱም ቢሆን ድምፅ ሳያሰማ ዘው አይልም። በእኛም ሆነ በሶማሌ ጎረቤቶቻችን ዘንድ ነውር ነው። እናቴ ታዲያ እጇ ሊጥ ውስጥ ቢሆን እንኳ፣ ቀና ሳትል፣ «ይግቡ!» ትለዋለች። ዕድሜ ልኳን አንቱ ነው የምትለው። ያንን «ይግቡ» ካልሰማሁ አባቴ የመጣ አይመስለኝም ነበር።

የመጀመሪያ ልጄን ለመውለድ ወደ ወላጆቼ ቤት ገባሁ። ባለቤቴ ሸደር፣ የስደተኞች ካምፕ ስለሚሠራ የሚመጣው ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻ ነበር። ልጄ ኅዳር ላይ ተወለደች። ሴቶቹ እልል አሉ፣ እኔ ግን ምንም አልተሰማኝም። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ሲሉኝ «አሜን» እላለሁ፤ አሜን ያለችው ግን ሌላ ሴት ትመስለኛለች። ልጅቷን አጠባታለሁ፣ ልብሷን እቀይርላታለሁ፣ ስታለቅስ አነሳታለሁ። ውስጤ ዝም ነው። አልስቅም፣ አላለቅስም፣ እንዲሁ ጣሪያውን አያለሁ። «አራስ አይደለች፣ ደክሟት ነው» ተብሎ ታለፈ። እኔም ደክሞኝ ነው ብዬ ተቀበልኩ።

በእኔ ፋንታ ልጅቷን የወደዳት አባቴ ነው። ክፋቱ ግን፣ በተወለደችበት ሰሞን ጉንፋን ይዞት ይንቀጠቀጥ ነበር። እናቴ ከክፍሌ በር መለሰችው። «ሳሉ ሳይለቅዎት እንዳይገቡ» አለችው። እሱም «እሺ» ብሎ ዞሮ ሄደ።

ያልተከራከረበትን ምክንያት እናውቃለን። ከእኔ በፊት ወንድ ልጅ ነበራቸው፤ በጨቅላነቱ ትክትክ ይዞት ሞተ። አባቴ ያን ሰሞን እየሳለ ከመንገድ መጥቶ አቅፎት ነበር አሉ። ከእሱ ይጋባበት፣ ከሌላ፣ ማን ያውቃል? እናቴ «ከእርስዎ ነው» ብላው አታውቅም። እሱም ጠይቋት አያውቅም። ይህንን የነገረችኝ አክስቴ ናት። መስኮት መወተፍ የተጀመረውም ከዚያ ወዲህ ነው ብላኛለች።

አባቴ ከበር ሲመለስ ቤቱን ዞሮ ከክፍሌ መስኮት ውጭ ቆመ። «እህህ» አለ። እናቴ ግን «ይግቡ» አላለችም። መጋረጃውን ገለጥ አድርጋ ልጅቷን በመስታወቱ አሳየችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ይኸው ሥራው ሆነ። ጠዋትና ከሰዓት ኮቱን ደርቦ፣ አንገቱን በፎጣ ጠምጥሞ ይመጣል፤ ጉሮሮውን ይጠርጋል፤ እኔም ልጅቷን ወደ መስታወቱ አስጠጋታለሁ። አቧራው ፊቱን ግራጫ ያደርገዋል። እሱ ይስቃል። እኔ የሱን ሳቅ እያየሁ ‘ይህ ሰውዬ ምን አግኝቶ ነው?’ እላለሁ።

ጎረቤታችን ሶማሌ ነበረች። ሁላችንም ኤዶ ነው የምንላት፤ አክስት እንደማለት ነው። በኤዶ አማርኛ አንቱ የሚባል ነገር የለም። ትኩስ የግመል ወተት በዝንጅብል አፍልታ፣ ጥቁር አዝሙድ በማር ለውሳ ይዛ ትመጣና አባቴን መስኮቱ ሥር ስታገኘው ትጮህበታለች።

«ዋሪያ፣ ሽማግሌ! ነፋስ ላይ ቆመህ ሳል እንዴት ይለቅሃል? አብደሃል?»

«ጠጥቼ እገባለሁ» ይላታል።

ከዚያ ወደ ውስጥ ገብታ ወደ እናቴ ትዞራለች። «አንቺስ፣ መስኮት ሁሉ በጨርቅ! ልጅቷ በምን ትተንፍስ?»

«የጅጅጋን ነፋስ አታውቂውማ!»

«እኔ? እዚሁ ተወልጄ?» ትልና ሁለቱም ይስቃሉ። ጨርቁ ግን እዚያው ነው።

ሳሉ አልለቅ ሲል ኤዶና እናቴ ግራና ቀኝ ይዘው ጤና ጣቢያ ወሰዱት። አክታው ተመረመረ፤ የሚያስፈራው በሽታ የለበትም። ነርሷ ረጋ ያለች ልጅ ነበረች አሉ። «አባባ፣ ሳንባዎ የመንገድ አቧራ ጠጥቷል። ትኩስ ትኩስ ይጠጡ፣ ከጭስና ከአቧራ ይራቁ፣ ሲስሉ አፍዎን በክንድዎ ይሸፍኑ፣ እጅዎን ቶሎ ቶሎ ይታጠቡ» አለችው። አባቴ የጠየቃት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ልጅ ማቀፍስ?» አላት። «ትንሽ ይታገሱ፣ ጉንፋኑ ይልቀቅዎት» አለችው።

ከዚያማ አባቴ ሌላ ሰው ሆነ። ዳማከሴ ሲያይ ይሸሽ የነበረ ሰው ጭማቂውን ፊቱን አጨማዶ ይጨልጠዋል። ነጭ ሽንኩርት በባዶ ሆዱ ያኝካል። የባሕር ዛፍ ቅጠል አስፈልቶ ጋቢ ተከናንቦ ይታጠናል። እጁን ከመታጠብ ብዛት ቆዳው ተሰነጣጠቀ። ለልጅ ልጁ ሲል ያላደረገው የለም። ሳሉም ቀነስ ይላል፣ ተስፋ ይሰጠዋል፣ ደግሞ ነፋሱ ሲነሳ ይመለሳል።

አንድ ከሰዓት እናቴ ገበያ ስትሄድለት ጫማውን አውልቆ በካልሲ ገባ። ልጅቷ ተኝታለች። ከክፍሌ በር ላይ ሆኖ አንገቱን ሲያሰግግ ሳሉ ፈነዳ። እናቴም ዘንቢሏን ይዛ ግቢ ውስጥ ደርሳ ኖሯል። «ሳል ይዞ ስርቆት!» ብላ ጮኸች። ወዲያው ራሷ ሳቀች፤ አባቴም ጫማውን በእጁ አንጠልጥሎ እየሳለና እየሳቀ ወጣ። እኔ አልሳቅሁም፤ ግን ሲወጣ ጀርባውን አየሁት። ቀጥኗል።

ክርስትናዋ በወጉ ተደረገ። አባቴ አፉን በመሐረብ ይዞ ከግቢው ጥግ ቆሞ አያት።

ልጅቷ ፈርጠም ስትል መስኮቱን ማወቅ ጀመረች። «እህህ» ሲል መላ አካሏን ወደዚያ ታዞራለች። አንድ ቀን ደግሞ እሷው «እህ!» አለች። እናቴ ክው አለች። «ወይኔ ልጄን! ሳል ያዛት!» ብላ ግንባሯን ዳበሰች፣ ደረቷ ላይ ጆሮዋን ደገነች፣ ውሃ ልታፈላ ተነሳች። ልጅቷ መስኮቱን እያየች ደግማ «እህ!» አለችና ፈገግ አለች።

«ወላሂ፣ አያቷን እያናገረች ነው» አለች ኤዶ።

ውጭ አባቴ መስታወቱን ተደግፎ ይስቃል። እስኪስል ድረስ ሳቀ። ከዚያ በኋላ ሁልጊዜ እንዲህ ሆነ፤ እሱ አንድ ጊዜ፣ እሷ አንድ ጊዜ። የሚያወሩት ነገር ያላቸው ይመስላሉ። ቀናሁባቸው ብዬ መዋሸት አልፈልግም። ያኔ ቅናት እንኳ አልነበረኝም።

ሚያዝያ ላይ ዝናብ ጣለና አቧራው ተኛ። የአባቴም ሳል ተኛ። እናቴ ቀኑን ሙሉ ጆሮዋን ጥላ አዳመጠችው፤ ማታም አዳመጠችው። በማግስቱ ጠዋት ራሷ «በቃ፣ ዛሬ ይቀፏት» አለችው።

አባቴ ገላውን ታጠበ። ለክርስትናው የለበሰውን ነጭ ሸሚዝ አወጣ። እጁን እስከ ክርኑ በሳሙና ፈተገ። እኔ አልጋው ጫፍ ላይ ልጅቷን ይዤ ተቀምጫለሁ፤ እናቴ ጀርባዋን ሰጥታን ለእሱ ወንበር ላይ ጋቢ ታነጥፋለች። በሩ ላይ ቆመ። ልጅቷ አይታው እግሯን አወራጨች። እጁን ዘረጋ። ያን ጊዜ ጉሮሮው ሲንቀሳቀስ አየሁ። ሳሉን ዋጠው። ዓይኑ እንባ አቀረረ፣ ግንባሩ ላይ ሥሩ ተገተረ፣ ግን ድምፅ አልወጣውም። እናቴ አልሰማችም። ከእኔ በቀር ያየ የለም።

የዘረጋውን እጁን መልሶ አወረደው።

«ና አባዬ፣ ምንም አትሆንም። ተከትባለች» አልኩት።

ራሱን ነቀነቀ። «አንዴ ያቀፍኩት ይበቃኛል» አለኝ፣ ቀስ ብሎ። ስለ ወንድሜ ሲናገር ስሰማው ያ የመጀመሪያዬ ነው። የመጨረሻዬም ሆነ። ወጣ። ትንሽ ቆይቶ ከመስኮቱ ውጭ «እህህ» አለ። ልጅቷም «እህ» አለችው። እናቴ ጋቢውን እንደያዘች «ምን ሆኑ እኚህ ሰውዬ?» አለች። አልነገርኳትም።

ግንቦት ላይ ትኩሳት ጣለው። ሳንባ ምች ነው አሉ፤ ሆስፒታል ገባ፣ አልወጣም። ድንኳን ተተከለ። ከቱሊ ጉሌድም፣ ከባቢሌም የድሮ ሾፌሮች መጡ፣ እየሳሉ። ኤዶ ከእናቴ ጎን ሳትነሳ ሰነበተች። ሴቶቹ ደረታቸውን ሲደቁ እኔ ልጄን ይዤ ተቀምጫለሁ። «አልቅሺ እንጂ፣ ይወጣልሽ» ይሉኛል። ከየት ላምጣው? የአባቴ ልጅ መሆኔን የሚጠራጠሩ ሳይኖሩ አይቀሩም።

ድንኳኑ ፈርሶ ሰው ሁሉ ወደየቤቱ ከሄደ በኋላ አንድ ጠዋት ሦስታችን እዚያው ክፍል ውስጥ ነበርን። እናቴ ሰፌድ ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ጀርባዋን ለመስኮቱ ሰጥታ ምስር ትለቅማለች። ልጄን በትራስ ደግፌ አልጋው ላይ አስቀምጫታለሁ። መስኮቱን አየች። «እህ!» አለች። ጠበቀች። ምንም የለም። ትንሽ አሰበችና አሁን ከበድ አድርጋ፣ እንደሱ፣ «እህህ!» አለች።

እናቴ ዓይኗን ከምስሩ ሳታነሳ፣ «ይግቡ!» አለች።

እጇ ሰፌዱ ላይ ቀረ። እኔ ያን ጊዜ አለቀስኩ፤ ለአባቴም፣ ያን ሁሉ ወር ፍቅሯ ላልተሰማኝ ልጄም። ሳለቅስ ልጅቷ ዞር ብላ እንኳ አላየችኝም፣ መስኮቱን ነው የምታየው። እናቴ ሰፌዱን መሬት አስቀምጣ ተነሳች፤ የወተፈችውን ጨርቅ አንድ በአንድ ነቅላ መስኮቱን ከፈተችው። ነፋሱ መጋረጃውን ወደ ውስጥ ገፋው።

«ይግቡ» አለች ደግማ።