"ተሾመ፣ ይህችን አትንካት"

ቀይ ሽቦ የሚባለውን የሙዚቃ ቡድን በጅቡቲ ከተማ ከእኔ በላይ የሚያውቅ ሰው የለም። በጅቡቲ ብቻ አይደለም፣ ከባሕሩ ወዲህም ወዲያም የለም።

እሺ፣ አንድ ነበረ። ዛሬ ጠዋት ሞተ አሉኝ።

ከባልባላ ሰፈር ወደ መሀል ከተማ በሚኒባስ ስመጣ ነው ሚስቱ ኸዲጃ የደወለችው። "ጀማልን አጣነው" አለችኝ። "ሱቅ ይሆናላ፣ ወደዚያው እየሄድኩ ነው፣ አገኝልሻለሁ" አልኳት።

ለቅሶዋን ለቀቀችው። ያኔ ነው የገባኝ። ገባኝ እላለሁ እንጂ አሁንም አልገባኝም።

ከቀትር በኋላ ቀበርነው። ደክሞኛል። ወደብ ላይ ጆንያ ስሸከም ውዬ የሚመጣውን ድካም አውቀዋለሁ፣ ይሄኛው ሌላ ነው።

ለማታውቁት፣ ጀማል ካርቲየ 1 የሚባለው ሰፈር ውስጥ ሬዲዮና ስልክ ይጠግን የነበረ የድሬ ሰው ነው። ቀይ ሽቦ ደግሞ ሁለት ኪቦርድና አንድ ድራም ማሽን ይዘው እዚህ በየሰርጉ ይጫወቱ የነበሩ ሦስት ሰዎች ናቸው። ያወጡት ካሴት አንድ ብቻ ነው። ያልወጣው ሁሉ፣ የሰርጉም የልምምዱም፣ በየሰው ቤት ተበትኖ ቀረ። ጀማል እሱን ሲለቅም ኖረ። ያገኘውን ካሴት እርጥበት እንዳይበላው ሩዝ ውስጥ ቀብሮ ነበር የሚያስቀምጠው። ኸዲጃ ለምሳ ሩዝ ስትሰፍር ስንት ጊዜ ካሴት በጣሳ እንዳወጣች እሷ ትመስክር።

እኔ ወደ የመን ልሻገር መጥቼ፣ ወደብ ላይ እየተሸከምኩ ጀልባ ስጠብቅ፣ ስልኬን ላሠራ ገባሁ። ቀይ ሽቦ ተከፍቶ ነበር። ቁጭ አልኩ። ይኸው እስካሁን አልተነሳሁም። "አንቱ" ስለው፣ "አቦ፣ አንቱታህን ለወደብ አለቃህ ውሰድለት" አለኝ። ከዚያ ወዲያ ጀማል ብቻ ሆነ።

አሁን የስልክ ግሩፓችን ውስጥ ያላችሁ የካሴት ሰብሳቢዎች ሁሌ የምትጠይቁትን ልመልስ። የልምምዱ ካሴት ላይ ያለው ዘፈን ለምን መሀሉ ላይ ድንገት ይቋረጣል? ጀማል "ቴፑ በላው" ብሏችኋል።

ቴፑ አልበላውም።

አንድ ቀን ለዙህር ሶላት ሲወጣ ሁለት ካሴት ሰጠኝ። "አንዱ ላይ ልምምድ ይላል፣ አንዱ ላይ ባዶ ይላል። ልምምዱን ወደ ባዶው ገልብጥልኝ። ማንበብ ትችላለህ አይደል?"

"እኔ? ጋዜጣ ዘቅዝቄ ነው የማነበው!" አልኩት።

ሀ እና ለን አልለይም ነበር። ባዶውን በሙሉው ላይ ገለበጥኩት። ከመስጊድ ሲመለስ አንድ ጊዜ አየና ዘሎ ማሽኑን አቆመ። ግማሹ ጠፍቷል። የዚያ ዘፈን ሌላ ቅጂ ደግሞ የትም የለም።

ካሴቱን አየ፣ እኔን አየ። "ለምን አልነገርከኝም?" አለ። "አፍሬ ነው" አልኩት፣ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ጉራ ሳልጨምር።

"ቀስ በል አቦ" አለኝ። ይቺ ቃሉ ናት፣ ሁላችሁም ታውቋታላችሁ። "ቀስ በል። ጆሮ አለህ አይደል? በእሱ እንጀምራለን።"

ከዚያን ቀን ጀምሮ ካሴት ሲገለብጥ መጀመሪያው ላይ በራሱ ድምፅ ይናገርበታል፦ "ይህ የሰርግ ነው። ሁለተኛው ኪቦርድ ትንሽ ታሟል። ተሾመ፣ ይህችን አትንካት።"

እናንተ ግሩፑ ውስጥ ተሾመ ማነው ብላችሁ ስትከራከሩ፣ አንዱ "አራተኛው የቡድኑ አባል ነው" ብሎ ጻፈ። ጀማል አንብቦልኝ እንባ እስኪወጣን ሳቅን። አላስተባበልኩም። ለምን አስተባብላለሁ?

ሆዳን ሰፈር ውስጥ አንዲት ጡረታ የወጡ መምህርት በረንዳቸው ላይ የሚሰጡት የማታ ትምህርት አለ። እጄን ይዞ ወስዶ ያስመዘገበኝ እሱ ነው። ባለፈው ሳምንት በገዛ እጄ የጻፍኩትን የካሴት ወረቀት ወሰድኩለት። መነጽሩን አድርጎ አየውና "አቦ፣ ይሄ ጽሑፍ ነው ወይስ ጉንዳን ቀለም ረግጦ የሄደበት?" አለኝ። ከዚያ ካሴቱ ላይ ለጠፈው።

ዛሬ ከቀብር ስመለስ ግሩፑን ከፈትኩ። ማንም አላነበበልኝም፣ ፊደል በፊደል ራሴ አነበብኩት። አንድ ወንድማችን እንዲህ ይላል፦ "ፈጣሪ ይማረው። አሁን እንግዲህ መጀመሪያ ላይ ያለውን ወሬ ቆርጠን ንጹሑን ሙዚቃ እንልቀቀው።" ከሥሩ የድጋፍ አውራ ጣት በአውራ ጣት ሆኗል።

ወንድሜ፣ ይህን ለማንበብ ነው እንዴ የተማርኩት?

አትቁረጡት። የሱቁን ቁልፍ ኸዲጃ ዛሬ ለእኔ ሰጥታኛለች። ቅጂ የፈለገ ሁሉ ይወስዳል፣ ግን ከነድምፁ። ለእናንተ ወሬ ነው። ለእኔ ፊደሌ እሱ ነበር። አንድ ጊዜ አጥፍቻለሁ፣ ሁለተኛ አላጠፋም። የፈለገ ይቀየመኝ፣ ለመጨቃጨቅ አቅም የለኝም።

ጀማል፣ አሁን ላንተ ነው።

እኔን ቀስ በል እያልክ አንተ ቸኮልክ። ወረቀቱን አላየኸውም። ከላይ አየው፣ ካሴቱ ላይም ለጠፈው ብዬ የጻፍኩት ውሸት ነው። የጉንዳኑም ነገር የራሴ ነው፣ ብታየው የምትለውን ገምቼ ነው። ፊደሌ ትንሽ እስኪያምር ብዬ አቆየሁት፣ ይኸው ሸሚዝ ኪሴ ውስጥ በላብ ረጥቧል። ሌላው ሁሉ እውነት ነው።

ስላላየኸው እኔ ላንብብልህ፦ "ልምምድ። ግማሹ የለም። ያጠፋው ተሾመ።"

ደህና ሁን አቦ። ሩዙን እኔ እየቀየርኩ ካሴቶቹን አቆይልሃለሁ።