ከጎሉ ጀርባ የሰማሁት

ባሌ በረኛ ነበር፤ ወንድሜ ከፊቱ የሚቆም ተከላካይ። ሁለቱም ለደሴ ነበር የሚጫወቱት፤ እኔም ጨዋታ ባለ ቁጥር ከሆጤ ሜዳ አልቀርም። ሴት ልጅ ኳስ ሜዳ ምን ትሠራለች የሚል ሞልቶ ነበር። አባቴ ግን ለዚህ ወሬ ጆሮ አልነበረውም። ፒያሳ በረንዳ ላይ ልብስ ይሰፋ ነበር፤ ገና ከልጅነቴ ጀምሮ የስፌት መኪናውን ሸፍኖ፣ እጄን ይዞ ይወስደኝ ነበር። "ኳስ ዓይን ላለው ሁሉ ነው" ይላል።

ሰው ሁሉ የሚያጨበጭበው ለጎል አግቢ ነው። እኔ በዚህ አልስማማም፤ ዛሬም አልስማማም። ጨዋታ የሚሠራው ከኋላ ነው። ተከላካይ ጀርባውን ለበረኛው ሰጥቶ ነው የሚቆመው፤ እሱ የማያየውን በረኛው ያይለታል። "ምታ" ሲለው ይመታል፣ "ልቀቅ" ሲለው ይለቃል። ዞር ብሎ እውነት ነው ወይ ብሎ ለማየት ጊዜ የለውም። እነዚህ ሁለት ሰዎች ካልተማመኑ ፊት ላይ ማንም ቢሰለፍ ዋጋ የለውም።

ባሌንና ወንድሜን እንደዚያ የሚተማመኑ ሰዎች አድርጌ ነበር የማውቃቸው። ባሌ ከወረባቦ ወገን፣ ከቢስቲማ አጠገብ የመጣ ነው፤ ደሴ ውስጥ ዘመድ አልነበረውም። ከልምምድ በኋላ ወንድሜ ቤት ይዞት ይመጣል፤ ከአንድ ትሪ ይበላሉ፣ ዝናብ ከጣለም እዚያው ያድራል። ለአባቴ "ልጅቷን ለእሱ ስጠው" ብሎ አፍ አውጥቶ የተናገረውም ወንድሜ ነው። አባቴ ሳቀና "የምሰጠው ለሰውዬው ነው ወይስ ለቡድኑ?" አለ። ኒካሑ በታሰረ ዕለት ከሁሉ በላይ የጨፈረው ወንድሜ ነበር።

ጊዜው ግን የአፈሳ ጊዜ ነበር። ወጣት ወንድ መንገድ ላይ፣ ገበያ ላይ፣ አንዳንዴም ከቤቱ ይያዝና ወደ ሰሜን ጦርነት ይጫናል። ለከተማው ቡድን የሚጫወት ልጅ ቢያዝ እንኳ የስፖርት ኮሚቴው ሰዎች ሄደው ያስፈቱት ነበር። ፋብሪካ የሚሠራም እንደዚሁ፤ የመታወቂያ ወረቀቱን ካሳየ በአብዛኛው ይተዉታል። እናቶች ልጆቻቸው ኳስ እንዲችሉ ዱዓ የሚያደርጉበት ዘመን ነበር ብል ማጋነን አይደለም።

ሁሉን ያበላሸው ጨዋታ እዚያው ሆጤ ከኮምቦልቻ ጋር ነበር፤ ከአንድ የፋብሪካ ቡድን ጋር። ኮምቦልቻ የሐረጎን ቁልቁለት ወርደን የምንደርስባት ሞቃት ከተማ ናት። እኛ በጦሳ ተራራ ብርድ እንኮራለን፣ እነሱ በፋብሪካቸው። ስንገናኝ ሠርግ ላይ የሚገናኙ አማችና አማች ይመስል መሰዳደብ ነው። የመጀመሪያ ልጄን አርግዤ ሆዴ ገፍቶ ስለነበር አባቴ "ከሰው ግፊያ ራቂ" ብሎኝ ብቻዬን ከመረቡ ጀርባ፣ ሣሩ ላይ ቆምኩ። ባሌ ከፊቴ ነበር፤ ሲተነፍስ ሁሉ ይሰማኛል።

ጨዋታው ሊያልቅ ተቃርቦ ነበር፤ ጎል አልገባም። የኮምቦልቻው የክንፍ ተጫዋች ከርቀት አንዲት ለስላሳ ኳስ ወደ መሐል አሻገረ። ወንድሜ ደርሶባታል። እግሩን አንሥቷል። ከኋላው ባሌ ጮኸ፦

"ልቀቅ! የኔ ነው!"

ወንድሜ እግሩን መለሰ። ኳሷ አጠገቡ አለፈች። ባሌ ግን አልወጣም። መስመሩ ላይ ቆሞ አያት፤ አጥቂው ደርሶ ሲነካት በዝግታ ወደ ሌላኛው ጎን ወደቀ። መረቡ ፊቴ ላይ ተርገበገበ።

ሜዳው ያየው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ተከላካዩ ደርሶባት የተዋት ኳስ። ከዚያ ሁሉ ጫጫታ ውስጥ የበረኛውን ድምፅ ማን ይሰማል? ስድቡ ከመቅጽበት በወንድሜ ላይ ወረደ። ድንጋይም ተወረወረ። ወንድሜ ዞሮ ባሌን አየው። ባሌ ጓንቱን ያስተካክል ነበር።

ማታ እራት ላይ ባሌ "ወንድምሽ ዛሬ አልቀናውም" አለ።

"አንተ ልቀቅ አላልከውም?"

"እኔ?"

"ሰምቼሃለሁ። የኔ ነው ብለሃል።"

"በዚያ ጫጫታ ምን ትሰሚያለሽ? ምታ ነው ያልኩት" አለና ምግቡን ቀጠለ።

በእውነት የራሴን ጆሮ ተጠራጠርኩ። ያመኑት ሰው እንዲህ ዓይን ዓይንሽን እያየ ሲናገር ጆሮሽን ትጥያለሽ እንጂ እሱን አትጥይም። እርጉዝ ነኝ፣ ደክሞኛል፣ ተሳስቼ ይሆናል አልኩ። ኮሚቴው ወንድሜን ከቡድኑ ሲያሰናብተውም ወንድሜ ስለ ባሌ ጥሪ አንዲት ቃል አልተነፈሰም፤ ባሌም አጠገቤ ተቀምጦ "ያሳዝናል" አለ።

ብዙ ሳይቆይ ኮምቦልቻ ሥራ አገኘሁ ብሎ መጣ። ያው ፋብሪካ ነው። ቋሚ ሥራ፣ የፋብሪካ ቤት፣ ለቡድናቸውም በረኛ። ዕቃችንን አውቶቡስ ጣራ ላይ ጭነን ወረድን። ወንድሜ ራሱ ነው ፍራሹን ያሰረልን።

ልጄን የወለድኩት ኮምቦልቻ ነው። አራስ ቤት ሳለሁ የፋብሪካው የስፖርት ኃላፊ ከሁለት ሰዎች ጋር ቴሌቪዥን አሸክሞ መጣ። ሰፈሩ ውስጥ ቴሌቪዥን ያለው የቀበሌው አዳራሽ ብቻ ስለነበር ጎረቤት ሁሉ ከበራችን ላይ ተሰበሰበ። ኃላፊው አንቴናውን ሲያስተክል ቆየና እኔን "እንኳን ማርያም… ይቅርታ፣ እንኳን አላህ በሰላም ገላገለሽ" ብሎ ሳቀ። ከዚያ ባሌን ትከሻውን መታ አድርጎ፣ "እንግዲህ እኛ ቃላችንን ጠብቀናል። አንተም ቃልህን እንደጠበቅክ" አለው።

ባሌ መሬት መሬት አየ።

ሰዎቹ ሲወጡ "ምን ቃል ነው?" አልኩት።

"የሥራ ነገር ነው።"

"ምን ቃል ነው?"

ልጅቷን ከእጄ ሊቀበለኝ እጁን ዘረጋ። አልሰጠሁትም። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠና ነገረኝ። አንድ ጨዋታ ልቀቅልንና ግባ አሉኝ አለ። "ኳስ ስንት ዓመት ይጫወታል? እግሬ አንድ ቀን ቢሰበር በማግስቱ ይጭኑኛል። አንቺ ባል እንዲኖርሽ ነው። ልጄ አባት እንዲኖራት ነው።"

"ወንድሜስ?"

"በእሱ ይሳበባል ብዬ አላሰብኩም።"

"ከተሳበበ በኋላስ? ለምን አልተናገርክም?"

ተነሥቶ ቴሌቪዥኑን አበራው። ዜና ነበር፤ ጓድ እገሌ እርሻ ሲጎበኙ ያሳያል። ልጄን ታቅፌ እሱን ስናይ ተቀመጥን።

ስለ ቴሌቪዥን ያለኝ ሐሳብ ከዚያ ጊዜ ጀምሮ አልተለወጠም። ቴሌቪዥን ኳስን ያሳያል እንጂ አያሰማም። ተንታኙ ሲለፈልፍ ሜዳው ውስጥ ሰዎቹ እርስ በርስ የሚባባሉት ነገር ይጠፋል፤ ጨዋታው ያለው ግን እዚያ ነው። ጎረቤቶቼ እሁድ እሁድ ቤቴን ሞልተው ሲመለከቱ "ተከላካዩ አጠፋ" ባሉ ቁጥር "ምን ታውቃላችሁ?" እላቸዋለሁ። ክፉ ሴት ናት ብለውኝ ይሆናል።

ወንድሜ የተያዘው ልጄ ገና መቀመጥ ሳትጀምር ነው። ፒያሳ አባቴ ዘንድ ምሳ ሊያደርስ ሲሄድ ከመንገድ ላይ አነሡት። እዚያው ደሴ አንድ ግቢ ውስጥ ከሌሎች ልጆች ጋር ያዙት። መልእክቱ እንደ ደረሰኝ ልጄን አዝዬ ወጣሁ። አባቴን የስፖርት ኮሚቴው ቢሮ አገኘሁት፤ ቆቡን በእጁ ይዞ ቆሟል።

"ጓድ ሊቀመንበር፣ ልጄን ታውቁታላችሁ። ለእናንተ ሲጫወት ነው ያደገው" ይላል።

"አባባ፣ ልጅዎ ከቡድኑ ተሰናብቷል" አለ ሊቀመንበሩ። ክፉ ሰው አይመስልም ነበር። "ተጫዋቻችን ቢሆን ኖሮ አሁኑኑ ሄጄ ባስፈታሁልዎ። ምን ልበላቸው?"

"ጥፋቱ የእሱ አይደለም" አልኩ። "በረኛው ልቀቅ ብሎት ነው የለቀቀው። ከመረቡ ጀርባ ቆሜ ሰምቻለሁ። በረኛው ጨዋታውን ሸጦታል።"

"በረኛው እኮ…" አለ አንዱ።

"አዎ። ባሌ ነው።"

አባቴ ዞሮ አየኝ። ያንን ነገር የሰማው ያን ጊዜ ነው። አንዱ የኮሚቴ አባል ሳቅ አለና "እህቴ፣ ከባልሽ ከተጣላሽ ሽማግሌ አስቀምጪ" አለኝ። ሊቀመንበሩ ግን አልሳቀም። "ባልሽ ራሱ መጥቶ ይናገር" አለ። "እሱ ካመነ ልጁን ወደ ቡድኑ እመልሰውና ተጫዋቼ ነው ብዬ እወስደዋለሁ። ነገ ይምጣ። ከነገ በኋላ የት እንደሚወስዷቸው አላውቅም።"

በዚያው ቀን ወረድኩ። ባሌ ከሥራ ሲመለስ ነገርኩት። በመጨረሻ "እሺ፣ እሄዳለሁ" አለኝ። አቀፍኩት። ያን ዕለት ማታ ይቅር ብዬው ነበር፤ ወላሂ ከልቤ ይቅር ብዬው ነበር።

ጠዋት ኮቱን ለብሶ አብረን መናኸሪያ ሄድን። መስኮት ዳር ተቀመጥኩ፤ እሱ ከጎኔ። አውቶቡሱ እየሞላ ነው። ሾፌሩ ሞተር ሲያስነሣ ባሌ "ልጅቷን ያዣት፣ ሲጋራ ገዝቼ ልምጣ" አለኝ። ጀርባውን ሰጥቶኝ ሲሄድ በመስኮት አየሁት። ሱቁ ጋ ቆመ። ገዛ። ከዚያ ወደ አውቶቡሱ አልመጣም፤ ወደ ፋብሪካው መንገድ ታጠፈ። ረዳቱ "ቀሪ አለ?" ሲል "ባሌ" ብዬ ጮኽኩ። ትንሽ ጠበቁ። ሰው አጉረመረመ። ሄድን።

ሐረጎን ስንወጣ አላለቀስኩም። አጠገቤ ባለው ባዶ መቀመጫ ላይ አንድ እናት ዶሮ ይዛ ተቀመጠች።

ሊቀመንበሩ በር ላይ ሲያየኝ ከኋላዬ ተመለከተና "ታዲያ የታለ?" አለኝ። አባቴ መልሴን አልጠበቀም፤ ጋቢውን ከትከሻው አውርዶ ለወንድሜ ሊያቀብል ወደ ተያዘበት ግቢ ሄደ።

ወንድሜን ወደ ሰሜን ጫኑት፤ እኔም አባቴ ቤት ብዙ ሰነበትኩ። ባሌ ሽማግሌ ላከ፤ ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። እንደገና ላከ። አባቴ "ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ" አለና "ሂጂም አልልሽ፣ ቅሪም አልልሽ፤ ቤቴ ቤትሽ ነው" አለኝ። የተመለስኩት በልጄ ምክንያት ነው፤ ሌላ ምክንያት ብደረድር ውሸት ነው። አንድ ቤት ኖርን፣ ሌላ ልጅም ወለድን። ሲጫወት ግን አንድም ቀን ሄጄ አላየሁትም። ፋብሪካውም ውሎ አድሮ ከአዲስ አበባ ወጣት በረኛ አመጣና ባሌን ተጠባባቂ ወንበር ላይ አስቀመጠው። ቤት መጥቶ "ከዱኝ" ሲለኝ እንጀራውን አቀረብኩለት።

ደርግ ሲወድቅ ወታደሩ በየመንገዱ ይጎርፍ ነበር። አንድ ቀን ቀትር ላይ በር ተንኳኳ። ወንድሜ ነው። ከሲታ ሆኗል፣ ጢሙ አድጓል፤ እኔ ስጮህ "ቀስ በይ፣ በሕይወት ነኝ እኮ" አለኝ። ባሌ ቤት ነበር። ተነሥቶ ቆመ፤ ምን እንደሚያደርግ አላወቀም። ወንድሜ ሰላምታ ሰጠው፤ አሰላሙ ዓለይኩም ብሎ፣ እጁን ጨብጦ። ከበላ በኋላ ባሌ "ወንድሜ፣ ያን ቀን…" ብሎ ጀመረ።

"አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅህ" አለው ወንድሜ። "ቀድመህ ብትነግረኝ ኖሮ እለቅልህ እንደነበር አታውቅም?"

ባሌ አንገቱን ደፋ። "አውቅ ነበር።"

"ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?"

ባሌ ወጥቶ ግቢው ውስጥ ተቀመጠ።

እኔ ግን በወንድሜ ንግግር ደግሞ ተከፋሁ። "ትለቅለት ነበር?" አልኩት። "ደሴን? ያን ሁሉ ሕዝብ? አባባን?"

"ጓደኛዬ ነበር" አለ። "ባልሽም ነበር። አንቺም ሆድሽ ገፍቶ ነበር።"

ለካ ሁለቱም በየፊናቸው በእኔ ስም ሲያስቡልኝ ኖረዋል፤ አንዱ ሸጦ፣ አንዱ ዝም ብሎ። እኔን የጠየቀኝ የለም። ቡድናችን ሲሸነፍ የሚያመን ሰዎች እኔና አባቴ ብቻ ነበርን ማለት ነው።

ወንድሜ በማግስቱ በጭነት መኪና ወደ ደሴ ወጣ። አባቴ አጠገቡ ወንበር አስቀመጠለት፤ ሁለቱ በረንዳው ላይ ጎን ለጎን መስፋት ጀመሩ። ለዒድ ስሄድ ባሌም አብሮኝ ይሄዳል፤ ወንድሜ ያስተናግደዋል፣ ከአንድ ትሪም ይበላሉ። ስለ ኳስ ግን አያወሩም። አባቴና እኔ እናወራለን፤ እነሱ ያዳምጣሉ።