የዱዓሌ ጆሮ

የአንድ ሰው ዕድሜ ቢጠቀለል ምን ይወጣዋል? በመፍራት ያለቀ ዕድሜስ፣ ዕድሜ ይባላል? ዱዓሌን በቅርብ ያየ ሰው መልሱ ቶሎ አይመጣለትም።

ዱዓሌ ድሬዳዋ ውስጥ፣ ደቻቱ ወንዝ ዳር የቆርቆሮ ጌም ቤት አለው። የሰፈሩ ልጆች ዛሬ በስልካቸው ነው የሚጫወቱት፤ እሱ ጋ የሚመጡት በልጅነታቸው የጀመሩትን መጨረስ ያቃታቸው ጎልማሶች ናቸው። የጌሙ ባለታሪክ ከኮሚክ መጽሐፍ የወጣ ካባ ለባሽ ጀግና ነው፤ በቡጢ እየደቆሰ ከሕንፃ ሕንፃ ይዘላል። የቴሌቪዥኑ ግራ ጠርዝ ስለጠቆረ በዚያ በኩል የሚመጣ ጠላት አይታይም፤ በድምፁ ነው የሚታወቀው። ስለዚህ ድምፁ እስከ ጥግ ይከፈታል፣ ቆርቆሮው ይንቀጠቀጣል።

ዱዓሌን የሚያሸብረው ይኸው ድምፅ ነው። እህቱን ጎርፍ የወሰዳት ድሬ ላይ ጠብታ ሳይወርድ ነበር። ደቻቱ ዓመቱን ሙሉ አሸዋ ነው፤ ሰው ይሻገርበታል፣ ይነግድበታል። ውሃው የሚመጣው ደጋው ላይ በጣለ ዝናብ ነው። ከዚያ ወዲህ ዱዓሌ ሰማይን አያምንም፤ የሚያምነው ጆሮውን ነው። ጆሮውን ደግሞ ካባ ለባሹ ቀማው።

ነሐሴ ውስጥ አንድ ከሰዓት፣ ደጋው ላይ፣ ደንገጎ ያለችው የአክስቱ ልጅ ሂንዳ ደወለች።

«ዱዓሌ፣ እዚህ ሰማዩ ተቀዷል። ወላሂ፣ የጎረቤቴ ቤት አይታየኝም።»

ዱዓሌ ወደ ቴሌቪዥኑ ዞረ። ባጃጅ ነጂው ባርኸድና ጓደኛው ዳሂር የመጨረሻው ቦስ፣ የጠላቶቹ አለቃ ጋ ደርሰዋል። የድሮ ጌም ሴቭ አያደርግም፤ ከጠፋ እንደገና ከሀ ነው። ዱዓሌ «ዝጉት» ሊል አፉን ከፈተ፤ አፈረ። ቤቱ የእሱ ቢሆንም እንጀራው እነሱ ናቸው።

«አቦ ዱዓሌ፣ ምነው ገረጣህ? ቦሱ አንተን ነው እንዴ የሚመታው?» አለ ባርኸድ ዓይኑን ከጨዋታው ሳይነቅል።

«ሂንዳ ዝናብ ነው አለች።»

ዳሂር አንገቱን በበሩ አወጣ። «ወርያ፣ ፀሐዩ አናት ይበሳል! የምን ዝናብ?»

ጉርምርምታ ተሰማ። የጌሙ ሕንፃ ሲፈርስ ነው ወይስ ሌላ? ደገመው። ዱዓሌ መለየት አቃተው። ወጥቶ ወንዙ ዳር ቆመ። እዚያ የሚሰማው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ድንጋይ ድንጋይን እየገፋ ሲመጣ።

«ውጡ! ደቻቱ መጣ!»

አልሰሙትም። ተመልሶ ገብቶ ባርኸድን በአንገትጌው ጎተተው፤ ዳሂር ተከተላቸው። ዳገቱን እንደያዙ ቡናማው ውሃ በሩን ገንጥሎ ገባ።

በማግስቱ ጭቃውን አብረው ጠረጉ። ቴሌቪዥኑና መሣሪያው ከፍ ያለ መደርደሪያ ላይ ስለነበሩ ተርፈዋል። ባርኸድ «ነፍሳችንን አተረፍክ፣ አላህ ይስጥህ» አለና ጆይስቲኩን አነሳ።

ዱዓሌ ፍርሃቱን ለሰው ገልጦ አያውቅም። ያን ቀን ግን በር በሌለው ደጃፍ ላይ ቆሞ ለመነ።

«ክረምቱ እስኪወጣ ብቻ ድምፁን ዝጉልኝ። ወንዙን ልስማ።»

«አቦ ደግሞ ጀመርክ! ትናንት ሰምተህ የለ እንዴ?» አለ ዳሂር። ባርኸድ ድምፁን እስከ ጥግ ከፈተው።